በጎንደር በሂት ፕሬስ የሚታተሙ ካኒቴራዎች፦ የሕትመት ብልሽቶች፣ መንስኤዎቻቸውና መፍትሔዎቻቸው

ሂት ፕሬስ በሚባለው መጫኛ ማሽን ካኒቴራ ማተም በወረቀት፣ በፊልም ወይም በቪኒል (ሙጫ ባለው ስስ ፕላስቲክ) ላይ የተዘጋጀን ምስል በሙቀት፣ በግፊትና በተመጠነ ጊዜ ወደ ጨርቅ የማሸጋገር ሥራ ነው። በጎንደር ይህን ሥራ በትንንሽ ሱቆች ብቻ ሳይሆን በመኖሪያ ቤታቸው አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ማሽን ተክለው የሚሠሩ ሰዎችም ይተዳደሩበታል። ሕትመቱ ሲላጥ፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲደበዝዝ ጣት የሚቀሰረው ብዙውን ጊዜ በቀለሙ ወይም በፊልሙ ላይ ነው። በተግባር ግን ለአብዛኛው ብልሽት ምክንያት የሚሆነው፣ ጨርቁ ዘንድ የደረሰው ሙቀት በማሽኑ መስኮት ላይ ከሚነበበው ቁጥር ማነሱ ነው። ለዚህም የመብራቱ ኃይል፣ የጨርቁ እርጥበትና የብረቱ አጫጫን ከማንኛውም ነገር አስቀድመው መመርመር ይኖርባቸዋል።

መነሻውና ፈላጊዎቹ

አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ መናገሻቸው ያደረጓት ጎንደር የሸማኔና የጥልፍ ሥራ ሲሠራባት የኖረች ከተማ ናት፤ የጎንደር ቀሚስ ጥልፍ ዛሬም ከሩቅ ይታወቃል። በሙቀት ምስልን ወደ ጨርቅ ማሸጋገር ግን ከውጭ የመጣ ጥበብ ነው። ሰብሊሜሽን የሚባለው ዘዴ ፈረንሳዊው ኖኤል ደ ፕላስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባደረገው ምርምር እንደተጀመረ ይነገራል።

ሥራው በጎንደር የሚደራባቸው ወቅቶች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የጥምቀት በዓል ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ምንጣፍ የሚያነጥፉና ሕዝቡን የሚያስተናግዱ ወጣቶች በየሰፈራቸውና በየደብራቸው አንድ ዓይነት ካኒቴራ ለብሰው ይወጣሉ። ሁለተኛው የምረቃ ወቅት ነው። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በሚያስመርቅበት ጊዜ የየትምህርት ክፍሉ ተመራቂዎች የራሳቸውን ጽሑፍ ያሳትማሉ። ሦስተኛው «አፄዎቹ» የሚባለው የእግር ኳስ ክለብ ፋሲል ከነማ ነው። አፄዎቹ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሱበት ዓመት ወዲህ ስምና ቁጥር የሚታተምበት ማሊያ የዚህ ሥራ አንድ ክፍል ሆኗል። እነዚህ ወቅቶች ለሕትመቱ ጠባይም ትርጉም አላቸው፤ ጥር ደረቅና ማለዳው ብርዳም ሲሆን፣ ምረቃ ደግሞ እንደ ወትሮው ክረምቱ ሲገባ ይውላል።

ዘዴዎቹ ባጭሩ

ሰብሊሜሽን ከ180 እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ቀለሙ ወደ ጋዝ ተለውጦ ፖሊስተር ክር ውስጥ የሚገባበት ዘዴ ስለሆነ፣ የሚያምረው በነጭ ወይም ፈካ ባለ ፖሊስተር ላይ ብቻ ነው። ቪኒል በመቁረጫ ማሽን ተቆርጦና ትርፉ ተነቅሎ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 165 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይጫናል። ዲቲኤፍ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ቀለም በፊልም ላይ ታትሞ፣ ሙጫ ዱቄት ተነስንሶበትና ዱቄቱ በሙቀት ቀልጦ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ጥጥም ፖሊስተርም፣ ጥቁርም ነጭም ይቀበለዋል። የዲቲኤፍ ማሽን ውድ በመሆኑ በቤቱ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙን ሌላ ዘንድ አሳትሞ ራሱ ይጫናል።

መብራትና ሙቀት

38 በ38 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተለመደ ማሽን 1,400 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይስባል። ማሽኑ የተሠራው ለ220 ቮልት ነው። የሚሰጠው ሙቀት ቮልቴጁ በቀነሰበት መጠን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በበለጠ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ኃይሉ የሚሰላው ቮልቴጁን በራሱ በማባዛት ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ፣ 1,400 ዋት የነበረው ማሽን ወደ 940 ዋት ገደማ ይወርዳል። ብረቱ ቀስ ብሎም ቢሆን 160 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ችግሩ የሚታየው ካኒቴራው ሲገባ ነው፤ ጨርቁ የወሰደውን ሙቀት ብረቱ ቶሎ መተካት ያቅተውና ሰዓቱ ሲያልቅ ሙጫው በወጉ ሳይቀልጥ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ሙቀቱን ከመጨመር ይልቅ በካኒቴራ መካከል ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል፣ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ መብራቱ ሲመለስ ጨርቅ ያቃጥላልና። ማሽኑን ከፍሪጅና ከካውያ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት፣ በተለይም በቀጭን ገመድ፣ ቮልቴጁን ከማውረዱም በላይ ለእሳት አደጋ የሚዳርግ ስለሆነ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

ማለዳ የሚታተም የመጀመሪያው ካኒቴራ ከቀጣዮቹ ይልቅ የሚላጥበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በጥር ብርድ ላይኛው ብረት ቢግልም ታችኛው ሰሌዳና ንጣፉ ቀዝቃዛ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ሙቀቱንም ከሥር ይመጡታል። ባዶውን ማሽን ለጥቂት ደቂቃ ዘግቶ ታቹን ማሞቅ ይህን ያስቀራል።

የብረቱን ሙቀት በጨረር ቴርሞሜትር የሚለኩ አሉ፤ መሣሪያው ጠቃሚ ቢሆንም በሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ብረቱ ሁሉም ቦታ እኩል መጋሉን ለማወቅ ይበልጥ የሚታመነው መንገድ፣ ሙሉውን በአንድ ጥቁር ቀለም የተሞላ የሰብሊሜሽን ወረቀት በነጭ ፖሊስተር ቁራጭ ላይ መጫን ነው። ሙቀት ያነሰበት ማዕዘን ገርጥቶ ይወጣል፤ ከመጠን በላይ የጋለበት ቦታ ወደ ቡናማ ያደላል።

እርጥበት

ጥጥ ደረቅ ሲመስልም ውሃ ይይዛል። በመደበኛ የአየር ሁኔታ ከደረቅ ክብደቱ 8.5 በመቶ ያህሉን እርጥበት ስለሚሸከም፣ 150 ግራም የሚመዝን የጥጥ ካኒቴራ ወደ 12 ግራም ውሃ አለበት ማለት ነው፤ የፖሊስተር ግን ከግማሽ በመቶ ያነሰ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጎንደር ውሃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱን ለራሱ ይወስዳል፤ እንፋሎቱም ሙጫውን ከጨርቁ ይገፋዋል። በክረምት ይህ ጎልቶ ይታያል። ፊልሙ ከመቀመጡ በፊት ካኒቴራውን ብቻውን ከ5 እስከ 10 ሰከንድ መጫንና ማሽኑ ሲከፈት የሚወጣውን እንፋሎት ማስወጣት ግድ ነው፤ እንፋሎት እየታየ ምስል ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ካኒቴራዎቹም ሆኑ ፊልሞቹ ከሲሚንቶ ወለል ላይ ተነስተው በታሰረ ላስቲክ ውስጥ ሊቀመጡ ይገባል። የሰብሊሜሽን ወረቀት እርጥበት ከሳበ ቀለሙ ይፈስሳል፤ ሰማያዊ ነጠብጣብም ይታይበታል።

ግፊት

ግፊት በእጅ ስሜት የሚገመት ቢመስልም በቀላሉ ይፈተሻል። አራት የወረቀት ቁራጮች በማሽኑ አራት ማዕዘን ግማሽ ግማሻቸው ወደ ውጭ ወጥቶ ይቀመጡና፣ ማሽኑ ቀዝቃዛ ሳለ ተዘግቶ አንድ በአንድ ይሳባሉ። አንዱ ያለችግር ከወጣና ሌሎቹ ከያዙ ብረቱ ዘሟል። ብረቱ ቀጥ ያለ ሆኖም ኪስ፣ ቁልፍ፣ ዚፕ ወይም የአንገት ስፌት በሥሩ ካለ ስፌቱ ግፊቱን ለራሱ ወስዶ አጠገቡ ያለው ምስል ሳይጫን ይቀራል። መፍትሔው ስፌቱን ከሰሌዳው ውጭ ማሳለፍ ወይም በሚታተመው ቦታ ሥር ስፖንጅ ማድረግ ነው። ሂት ፕሬስ የሌላቸው በካውያ ይሠራሉ፤ የካውያ እንፋሎት ቀዳዳዎች ያሉበት ቦታ ግን ሙቀትም ግፊትም ስለማይሰጥ ለሽያጭ የሚሆን ሥራ አይወጣውም።

ብልሽቱ ሲታይ

ፊልሙ ሲላጥ የምስሉ ጠርዝ አብሮ ከተነሳ እዚያው ማቆም፣ ፊልሙን መልሶ ማስተኛትና ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ደግሞ መጫን ያስፈልጋል። በብርድ የሚላጥን ፊልም በትኩሱ መላጥ ከሁሉ የተደጋገመ ስሕተት ነው፤ ሙጫው ሳይረጋ ምስሉ ከጨርቁ ይልቅ ፊልሙን ይከተላል። በትኩስ ይላጥ ወይስ በብርድ የሚለው ክርክር በባለሙያዎች መካከል ቢኖርም፣ የሚወስነው የፊልሙ ዓይነት በመሆኑ ሻጩን መጠየቅ ከክርክር ያድናል። በዲቲኤፍ ምስሉ ከተላጠ በኋላ በቴፍሎን ወይም ሙቀት በሚችል የመጋገሪያ (ብራና) ወረቀት ሸፍኖ ሁለተኛ ጊዜ መጫን ሙጫውን ወደ ክሩ ያስገባዋል። ይህን ሁለተኛ መጫን የሚዘሉ ሰዎች ሥራ ከጥቂት እጥበት በኋላ ይሰነጠቃል።

በቀይ ማሊያ ላይ የታተመ ነጭ ቁጥር ሮዝ ቢሆን፣ የሕትመቱ ቀለም ተበላሽቶ ሳይሆን የማሊያው የራሱ ቀለም በሙቀት ወጥቶ ወደ ነጩ ስለገባ ነው። ለውጡ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊታይ ስለሚችል ደንበኛው ከወሰደው በኋላ ቅሬታ ይዞ ይመለሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሊያ በ130 ዲግሪ አካባቢ የሚጣበቅ ወይም ቀለም የሚያግድ ንጣፍ ያለው ቪኒል መምረጥና ጊዜውን ማሳጠር ያሻል።

በሰብሊሜሽን ምስሉ ጥላ ያለው ወይም የተደራረበ ሆኖ ከወጣ፣ ማሽኑ ሲከፈት ወረቀቱ ተንቀሳቅሷል፤ ሙቀት በሚችል ፕላስተር ማሰር ይበቃል። በጥጥ ላይ ተሠርቶ በመጀመሪያው እጥበት ከገረጣ ግን ጥፋቱ የጨርቁ ምርጫ ነው። ጥጡን የሚቀባ ፈሳሽ ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ቅቡ ሲታጠብ ቀለሙም አብሮት ስለሚሄድ በፖሊስተር ላይ እንደሚደረገው አይዘልቅም።

የግዕዝ ፊደል የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደ «ቿ» እና «ጯ» ያሉ ፊደላት ቀጭን ቅጥያዎችና ትንንሽ ቀለበቶች ስላሏቸው፣ በቪኒል ትርፉ ሲነቀል አብረው ይነሳሉ፤ ከተጣበቁም ሙጫ የሚይዙበት ስፋት ጥቂት ስለሆነ ቀድመው ይላጣሉ። ለደረት ጽሑፍ ወፈር ያለ ፊደል መምረጥ ይገባል። ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ ቅርጽ ወይም ወደ ምስል ለውጦ መላክ የአንድን የትምህርት ክፍል ሙሉ ትእዛዝ ከጥፋት ያድናል። ለቪኒልና ለሰብሊሜሽን ጽሑፉ ተገልብጦ መዘጋጀት አለበት፤ ለጥቁር ጨርቅ የሚሆነው በኢንክጄት ማተሚያ የሚታተም ማሸጋገሪያ ወረቀት ግን አይገለበጥም።

ለደንበኛው የሚነገረው

የታተመ ካኒቴራ ለ24 ሰዓት ሳይታጠብ መቆየት አለበት። ከዚያም ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ በረኪና ይታጠባል፤ በምስሉ ላይ ካውያ በቀጥታ አይደረግበትም፣ በእጅ ሲታሽም ምስሉ በምስሉ ላይ አይፈተግም። ይህ በቃል ብቻ ከሚነገር ከካኒቴራው ጋር በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ቢሰጥ ይመረጣል፣ የሚያጥበው ሰው ብዙውን ጊዜ ያሳተመው ሰው አይደለምና። ጠርዙ ብቻ የተነሳ ሕትመት፣ ካኒቴራው ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ በብራና ወረቀት ተሸፍኖ በመጀመሪያው ሙቀት ለ10 ሰከንድ ቢጫን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ የተሰነጠቀ ግን አይጠገንም።