ሳንቲሙ ላይ «ቄሳር» ካለ ንጉሠ ነገሥቱ ነው?

«የቄሳርን ለቄሳር» እየተባልን ስላደግን፣ ቄሳር ሲባል የሮም ንጉሠ ነገሥት ይመስለናል። የ4ኛው ክፍለ ዘመን የነሐስ ሳንቲም ላይ ግን ይህ ልማድ ያሳስታል። ያኔ ዋናው ገዥ «አውግስጦስ» ነው። «ቄሳር» ከሱ በታች ያለው፣ ብዙ ጊዜም አልጋ ወራሹ ነው።

ታላቁ ቆስጠንጢኖስን እንውሰድ። ልጁም ቆስጠንጢኖስ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ330 ጀምሮ የወጣው፣ ጀርባው ላይ ሁለት ወታደሮች ያሉበት ሳንቲም ለሁለቱም ተመትቷል። በመልክ ለመለየት አትድከሙ፤ በፊተኛው ገጽ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከስሙ በኋላ ኤ፣ ቪ፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ «አውግስጦስ» ማለት ነው። ቪ እዚህ እንደ «ኡ» ትነበባለች። ኤን፣ ኦ፣ ቢ፣ ሲ ካለ ግን «ክቡር ቄሳር» ነው፤ ልጅየው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አይ፣ ቪ፣ ኤን ትጨመራለች፤ «ታናሹ» ለማለት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በ337 አባቱ ሲሞት ልጁም አውግስጦስ ሆኗል። ስለዚህ በወታደሮቹ ሳንቲም ላይ «ክቡር ቄሳር» አባትየውን አይመለከትም፤ «አውግስጦስ» ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።