የሚበላ የፍራፍሬ ሽፋን በጎጃም፦ ከብርጭቆ ወደ በርሜል

የሚበላ ሽፋን የሚባለው ታጥቦ በደረቀ ፍራፍሬ ላይ የሚቀባ ስስ ልባስ ነው። ፍሬ ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል፣ ውሃውንም እያጣ ይጨማደዳል። ሽፋኑ ሁለቱንም ያዘገያል። የተቀጠቀጠን ፍሬ ግን አያድንም።

ቻይናዎች በ12ኛው ክፍለ ዘመን ብርቱካንና ሎሚን ሰም ይቀቡ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ንግድ ሆነ።

ለጎጃም ነገሩ ቅርብ ነው። መርዓዊ አካባቢ የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር ያለማል፣ አቮካዶም ከስንዴውና ከሽንኩርቱ ጎን እየተስፋፋ ነው። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የኬሚካልና የምግብ ምህንድስና ያስተምራል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰም አለን። የጎጃም ማር ወደር የለውም፤ የትግራይ ነጭ ማር ወዳጆች ላይስማሙ ይችላሉ። ከጠጅ የሚተርፈው ሰፈፍ ታጥቦ፣ ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ይሆናል። ዛሬ አብዛኛው ለጧፍ ነው የሚፈለገው። ለምግብ የሚሆነው ደግሞ ንጹሕ መሆን አለበት፣ ሞራ ወይም ፓራፊን የተቀላቀለበት አይሆንም። ንጹሕ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚህ ከራቀ መጠርጠር ነው።

ብዙ ማምረት ላይ ነው ፈተናው። በብርጭቆ ሲሠራ የቀለጠውን ሰም ከውሃ ከሚያዋህደው ነገር ጋር ሙቅ ውሃ ውስጥ እየመቱ መጨመር ነው፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። በርሜል ላይ ግን ውሃው በአንድ በኩል ከቀዘቀዘ ሰሙ እንደ ቅቤ ይጓጉላል፣ ወይም አድሮ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ሙቀቱን እኩል የሚይዝ ጋንና ኃይለኛ መምቻ ያስፈልጋል፤ መብራት መሃል ላይ ከጠፋም ያ ሁሉ ድብልቅ ይበላሻል። ልባሱ ከወፈረ ደግሞ ፍሬው አየር ያጣና ውስጡ ይብላላል፣ ሲቆረጥ አልኮል አልኮል ይሸታል። ከተቀባ በኋላ በማራገቢያ ካልደረቀም ሣጥን ውስጥ ይጣበቃል።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። የእሬት ዝልግልጉ ክፍል ይሠራል፣ መራራው ቢጫ ፈሳሽ ቀድሞ ከወጣለት። ኪቶሳን የሚባለው ሌላው የልባስ ቁስ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ሽሪምፕ ቅርፊት ስለሚወጣ ለእኛ ሩቅ ነው። የአይብ ውሃ ፕሮቲንም ጥሩ ልባስ ይወጣዋል፤ ግን ፍሬውን የፍስክ ያደርገዋል፣ ፍራፍሬ ደግሞ በጾም ነው በጣም የሚፈለገው።