የዘፋኝ ሕይወት ፊልም ሲሆን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሞኑን ከእህቴ ልጅ ጋር «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን ደግሜ አየሁት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ የእንግሊዙ ባንድ የኩዊን ድምፃዊ የፍሬዲ መርኩሪ ታሪክ ነው። ፊልሙ የሚያልቀው በላይቭ ኤይድ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለተጎዳው ወገናችን ገንዘብ ለማሰባሰብ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን ዌምብሊ ላይ የተዘፈነበት ያ ኮንሰርት። ልጁ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ጋሼ፣ ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ ያመጣልን ፍሬዲ ነዋ?» አለኝ።

መልሱን ወደ መጨረሻ ላቆየው። መጀመሪያ ኑሯቸው ስለተመሰቃቀለ ዘፋኞች የሚሠሩ ፊልሞች ሲነሱ በየካፌው የምሰማቸውን ነገሮች ላንሳ።

«ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አይሠራም»

ይሠራል። የታወቀ ሰው የኖረው ሕይወት፣ ቢያንስ በአሜሪካና በእንግሊዝ፣ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ባለቤት ያለው ዘፈኑ ነው። እሱም ፈቃዱ ሁለት ነው፦ ግጥምና ዜማው ለብቻ፣ የተቀዳው ድምፅ ለብቻ። እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ አሜሪካዊው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ፣ በ2020 ደግሞ ስለ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ የወጡትን ፊልሞች ተመልከቱ። ወራሾቹ ስላልፈቀዱ ሁለቱም ሰዎቹ የደረሷቸውን ዘፈኖች መጠቀም አልቻሉም። ቦዊን የሚጫወተው ሰውዬ የሌላ ሰው ድርሰት ሲዘፍን ትሰማላችሁ። ዶሮ የሌለበት ዶሮ ወጥ በሉት።

«የሚያውቁት ሰዎች አብረው ስለሠሩት እውነት ነው»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው እዚህ ነው። ዘፈኑን ለማግኘት ባለቤቶቹን ማስፈቀድ ግድ ነው። ባለቤቶቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሳቸው የታሪኩ ሰዎች ናቸው። የኩዊን ጊታሪስት ብራያን ሜይ እና ድራመሩ ሮጀር ቴይለር በፊልሙ ሥራ ውስጥ ነበሩበት። ፊልሙ ላይ ፍሬዲ ለብቻው አልበም ሊሠራ ሲፈራረም ጓደኞቹን የከዳ ይመስላል። ባንዱም ይበተናል።

እውነታው? ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሜይ በ1983 የየግላቸውን ሥራ ከፍሬዲ ቀድመው አውጥተዋል። ባንዱም አልተበተነም። በ1984 አዲስ አልበም አውጥቷል። ላይቭ ኤይድ ስድስት ወር ሲቀረው ሪዮ ዲ ጃኔሮ መድረክ ላይ ነበር።

ሕመሙም እንዲሁ ነው። ፊልሙ ላይ ፍሬዲ ኤች አይ ቪ እንዳለበት ለጓደኞቹ የሚነግራቸው ከኮንሰርቱ በፊት ነው። አብሮት የኖረው ፍቅረኛው እንደጻፈው ግን ምርመራው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሕዝቡ የሰማው ደግሞ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1991። የሰውን በሽታ ለመድረክ ማጣፈጫ ማድረግ እኔን ይቀፈኛል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ግን አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም።

የእንግሊዛዊቷን ዘፋኝ የኤሚ ዋይንሃውስን ነገር ደግሞ እዩት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዘጋቢ ፊልም አባቷን በደህና አላሳያቸውም፤ እሳቸውም ክፉኛ ተቆጡ። በ2024 የወጣው የትወና ፊልም ላይ ያው አባት የዋህና አፍቃሪ ሆነው መጡ። አንድ ሴት፣ አንድ አባት፣ ሁለት ታሪክ።

ባለቤት ሁሌም ያቆነጃል ማለቴ ግን አይደለም። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤልተን ጆን እ.ኤ.አ. በ2019ኙ የሕይወቱ ፊልም ፕሮዲዩሰሮች መካከል ነበረ፤ ሱሱ ከነጉዱ እንዲታይ ፈቅዷል።

«ተዋናዩ ራሱ ነው የዘፈነው»

አንዳንዱ አዎ። ኤልተን ጆንን የተጫወተው ታሮን ኤገርተን ራሱ ዘፍኗል። ራሚ ማሌክ ግን ፍሬዲን ሆኖ ኦስካር የወሰደው በትወናው ነው። የምንሰማው በአብዛኛው የፍሬዲን የራሱን ድምፅ ነው፤ በጎደለበት ማርክ ማርቴል የሚባል ካናዳዊ ዘፋኝ ሞልቶበታል። የማሌክ ልፋት ሌላ ቦታ ነው፦ ሰው ሠራሽ ጥርስ አድርጎ መናገርና መዝፈን፣ የፍሬዲን አቋቋምና የእጅ አወራወር ከቪዲዮ ማጥናት።

መልክ መምሰልም ቢሆን ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የሕይወቱ ፊልም እንግሊዛዊው ዘፋኝ ሮቢ ዊሊያምስ የሚታየው በኮምፒውተር የተሠራ ቺምፓንዚ ሆኖ ነው። አልቀለድኩም።

«ቀረጻው እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል ይሄዳል»

አይሄድም። ያ የላይቭ ኤይድ ትዕይንት መጀመሪያ ነው የተቀረጸው። ተዋናዮቹ ገና በደንብ ሳይላመዱ መደምደሚያውን ተጫወቱ ማለት ነው። ቦታውም ዌምብሊ አይደለም፤ አሮጌው ስታዲየም ቀድሞ ፈርሷል። መድረኩ ከለንደን ወጣ ብሎ ባለ የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንደ አዲስ ተሠራ። ቀረጻው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ዳይሬክተሩ ብራያን ሲንገር ተባረረ፤ ዴክስተር ፍሌቸር ጨረሰው።

«ስልኩን ያስጮኸው ኩዊን ነው»

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ፊልሙ ላይ የእርዳታ ስልኮቹ ዝም ብለው ቆይተው ኩዊን መዝፈን ሲጀምር ይንጫጫሉ። የዕለቱ ምርጥ ባንድ ኩዊን ነበር የሚለው ብዙ ሰው ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ስልኩ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከኩዊን ቀጥሎ ዌምብሊ መድረክ ላይ የወጣው ዴቪድ ቦዊ ነበር። ከተሰጠው ሰዓት ላይ አንድ ዘፈን ትቶ፣ የካናዳ ቴሌቪዥን ባለሙያዎች ያዘጋጁት አጭር ቪዲዮ እንዲታይ አደረገ። ከሙዚቃው ጋር የሚታዩት በረሃብ የከሱ የኛ ሕፃናት ናቸው። ልገሳው በጣም የጨመረው ከዚያ በኋላ ነው ይባላል።

ቪዲዮውን ስልኬ ላይ ፈልጌ ለልጁ አሳየሁት። እስኪያልቅ ምንም አልተናገረም።

«ይሄን ለምን አላስገቡትም?» አለኝ በኋላ።

«የኩዊን ፊልም ነዋ» አልኩት።