ቡና፣ ደንና የአውሮፓው ሕግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደን ተመንጥሮ የተመረተ ምርት ወደ አውሮፓ ገበያ እንዳይገባ የሚከለክለው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ በ2015 ዓ.ም. ወጣ፤ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ቀኑ በተራዘመ ቁጥር በቡና ነጋዴው ዘንድ የሚወራው ይበዛል።

«ሕጉ የኢትዮጵያን ቡና ከገበያ ለማስወጣት የወጣ ነው»

ሕጉ የየትኛውንም አገር ቡና በስም አይከለክልም። ከቡና ሌላ ካካዎ፣ አኩሪ አተር፣ የቀንድ ከብት፣ የፓልም ዘይት፣ ጎማና እንጨትም ይመለከታል። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ማሳው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ የተገኘ እንዳይሆን፣ ምርቱ የአገሩን ሕግ የተከተለ እንዲሆን፣ ማሳው የት እንዳለ በጂፒኤስ እንዲታወቅ። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ የአብዛኛው ገበሬያችን ማሳም ከዚያ በታች ነው።

ስለዚህ ነጥቡን መውሰድ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ነጥቡን ከቡናው ጋር አብሮ ማጓዝ ነው። በመኸር ሰሞን መንገድ ዳር ሚዛን ሰቅሎ የሚገዛውን ሰብሳቢ ተመልከቱ። የአንዱን ገበሬ ቀይ እሸት መዝኖ ብሩን ይከፍልና ቀድሞ ከገዛው ጋር እዚያው ጆንያ ውስጥ ይገለብጠዋል። አመሻሽ ላይ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ማጠቢያ ጣቢያ ሲደርስ የትኛው እሸት ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ለይቶ የሚናገር የለም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ ሲያገበያይ፣ ሻጩ ገንዘቡን በጊዜው እንዲያገኝ ቢረዳም የማሳውን ማንነት አጥፍቶት ነበር። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የተደረገው ማሻሻያ ለቀጥታ ሽያጭ በር ስለከፈተ ቡናን ከምንጩ መከታተል ቀለል ብሏል። ጆንያው ላይ ያለው መቀላቀል ግን አሁንም አለ።

«ቡናችን በጥላ ዛፍ ሥር ስለሚበቅል ማስረጃ አያስፈልገውም»

ይህኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። በዛፍ ጥላ ሥር የሚለማ የእርሻ መሬት በሕጉ ትርጓሜ ደን አይባልም፤ ይህ ለእኛ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሳተላይት ካርታ ዋንዛና ብሳና የጋረዱትን የቡና ማሳ ከተፈጥሮ ደን ለመለየት ይቸገራል። ካርታው ማሳውን «ደን» ብሎ ከያዘው፣ ገበሬው በኋላ ያረጁ ዛፎችን ሲያሳሳ ደን የጨፈጨፈ ሊመስል ይችላል። የደን ቡና ባለባቸው በከፋና በያዩ ያለ ገበሬ ማሳው ከ2013 በፊትም የቡና ማሳ እንደነበር የሚያሳይ መረጃ ቢይዝ ይጠቅመዋል።

«ዋናው ብክለት መርከቡ ነው»

አይደለም። ቡና በባሕር ሲጓዝ በኪሎ የሚደርሰው ልቀት ትንሽ ነው። እኛ ዘንድ ጎልቶ የሚታየው ጉዳት ማጠቢያ ጣቢያው አጠገብ ነው። የእሸቱ ገለፈትና ቡናው ከሚብላላበት ገንዳ የሚወጣው አሲዳማ ውኃ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ፣ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ከታች ያለው ሰው በጥቅምትና በኅዳር ሽታውን ያውቀዋል። ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያ፣ ማጣሪያ ጉድጓድና ገለፈቱን ኮምፖስት ማድረግ አዲስ ግኝት አይደሉም። ችግሩ ገዥው እምብዛም አለመጠየቁ ነው።

«ሰርተፍኬት ካለን ሁሉም ተሟልቷል»

ኦርጋኒክ ስለ ኬሚካል ነው፤ ፌርትሬድ በዋናነት ስለ ዋጋና ስለ ንግድ አሠራር ነው። አንዱም የደን ሕጉን ማጣራት አይተካም።

«ወጪውን ገዥው ይሸፍናል»

ሕጉ ኃላፊነቱን የሚጥለው በአውሮፓው አስመጪ ላይ ነው፤ የምዝገባውን ወጪ ማን ይክፈል ግን አይልም። ዝም ከተባለ ሸክሙ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወይ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ዩኒየን ይሸከመዋል፣ ወይ ከእሸቱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። የማሳው መረጃ በላኪው እጅ ብቻ ከቀረ ደግሞ ገበሬው ገዥ በቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ይመዘገባል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጂፒኤስ የያዘ ባለሙያ ወደ ማሳ ከማስገባታቸው በፊት የመረጃው ቅጂ እንዲሰጣቸው በውሉ ላይ ያስጽፉ።