የመስከረም ማስነጠስ፦ የአበባ ብናኝ አለርጂ ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመሀል አዲስ አበባ ማስነጠስ ይበዛል። አንዴ አይደለም፤ አምስት ስድስት ጊዜ በላይ በላዩ። "ይማርሽ" ብለው "ያኑርህ" ሳይባሉ ሌላው ይከተላል። አፍንጫ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ዓይን ይቀላል፣ ላንቃ ያሳክካል። ብዙው ሰው "ጉንፋን ያዘኝ" ወይም "ሳይነሴ ተነሳ" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የአበባ ብናኝ አለርጂ ነው። ፈረንጆቹ "ሄይ ፊቨር" ይሉታል፤ ቃል በቃል የድርቆሽ ትኩሳት ማለት ነው። ስሙ ያሳስታል። መነሻው ድርቆሽ አይደለም፣ ትኩሳትም የለውም። ትኩሳት ካለ ሌላ በሽታ መጠርጠር አለበት።

ከጉንፋን የሚለይበት መንገድ ቀላል ነው። ጉንፋን በሳምንት፣ ቢበዛ በአስር ቀን ይለቃል። ይኼኛው ብናኙን የሚበትነው ሣር እስኪደርቅ ድረስ ለሳምንታት ይቆያል፤ በየዓመቱም በዚያው ጊዜ ይመለሳል። ንፍጡ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። ከሁሉም በላይ ማሳከኩ ነው ምልክቱ። ሰውነት ምንም የማያደርገውን ብናኝ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሂስታሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል። ማሳከኩም፣ ማስነጠሱም፣ የአፍንጫው መፍሰስም በአብዛኛው የሂስታሚን ሥራ ነው።

ተራራ እንደ መድኃኒት

በደንብ ተጽፎ የሚገኘው ታሪክ የአውሮፓና የአሜሪካ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጆን ቦስቶክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1819 የራሱን ሕመም ለለንደን ሐኪሞች አቀረበ። በየዓመቱ በሰኔ እየመጣ የሚያሠቃየው ሕመም ነበር። ቻርልስ ብላክሊ ደግሞ በማንቸስተር በራሱ አካል ላይ ሙከራ አደረገ፤ ጥፋተኛው የሣር ብናኝ መሆኑን የሚያሳይ ሥራውን በ1873 አሳተመ። ብናኙ በከፍታ ላይም እንዳለ ለማወቅ በክር የሚበር ካይት ወደ ሰማይ ይልክ ነበር።

በአሜሪካ ሞሪል ዋይማን የተባለ ሐኪም ራሱም ታማሚ ነበር። ነሐሴ ሲደርስ ቤተሰቡን ይዞ ኋይት ማውንቴንስ ወደተባሉት ተራሮች ይሸሻል። እዚያ ሲደርስ ይሻለዋል። አንድ ጊዜ ራግዊድ የሚባለውን አረም በጥቅል አስልኮ ተራራው ላይ አሸተተው። ሕመሙ ወዲያው ተነሳ። ተራራው የሚያድነው አረሙ እዚያ እምብዛም ስለማይበቅል እንደሆነ በዚህ ታወቀ። በ1874 ታማሚዎቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ ቤተልሔም በምትባል የተራራ ከተማም ይሰበሰቡ ነበር። ሆቴሎች በእነሱ ይሞሉ ነበር። በአልፕስ ተራሮችም ተመሳሳይ ልማድ አለ፤ እዚያ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ከፍ ባለ ቁጥር ሣር የሚያብበው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በግንቦት የወጣ ያመልጣል፤ በሐምሌ የወጣ ግን ቆላ የጨረሰውን ወቅት እንደገና ይጀምረዋል።

ወደ እኛ ስንመጣ ሂሳቡ ይለያል። የኋይት ማውንቴንስ ከፍተኛው ጫፍ 1,917 ሜትር ነው። አራት ኪሎ ማኪያቶውን ይዞ የተቀመጠ ሰው ከዚያ ጫፍ በላይ፣ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነው። ከተማችን ራሷ ተራራ ናት። የፈረንጆቹ የበጋ ዕረፍት ወራት ደግሞ እዚህ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ብናኙን ከአየር ያጥበዋል። በሐምሌ ቤት ውስጥ የሚያስነጥስ ሰው ብናኝ ሳይሆን ሻጋታና አቧራ ቢጠረጥር ይሻላል።

በአገራችን በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተሠራ ጥናት በ1997 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በርክቶ ተገኝቷል።

አደይ አበባ በሐሰት ስትከሰስ

አደይ አበባ ስታብብ ማስነጠሱም ስለሚጀምር ብዙ ሰው በእሷ ያመካኛል። ይህ ክስ ፍትሐዊ አይደለም። የአደይ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ነው፤ ንብ ናት የምትሸከመው። አሜሪካኖቹም ጎልደንሮድ በምትባል ቢጫ አበባ ላይ ይኸንኑ በደል ፈጽመዋል፤ ከራግዊድ ጋር እኩል ስለምታብብ ብቻ። አደይ የራግዊድ የሩቅ ዘመድ ስለሆነች አፍንጫውን ውስጧ የከተተ ሰው ሊያስነጥስ ይችላል። ከመንገድ ማዶ ግን ማንንም አትነካም።

በዓለም ዙሪያ ለዚህ አለርጂ ዋናው ተጠያቂ ሣር ነው። ሣር አበባው አይታይም፤ ንብ አይጠራም፤ ብናኙን ለነፋስ ነው የሚሰጠው። ሰርዶ በዚህ ጥፋት በብዙ አገር የታወቀ ነው። በየአጥሩ ሥር የሚያድገው ሙጃም ዘለላ ሲያወጣ ብናኙን በነፋስ ይበትናል። በኮሪደር ልማት የተተከለው ሣር ቶሎ ቶሎ ስለሚታጨድ ለማበብ ጊዜ አያገኝም፤ በማጨጃው ሰዓት ግን ራቅ ማለት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው ጽድም በነፋስ የሚዘራ ዛፍ ነው። የጃፓንን ሕዝብ በየዓመቱ የሚያስነጥሰው ዛፍ የጽድ ዘመድ ነው።

ባህር ዛፍስ? ማን እንዳመጣው ይከራከራሉ፤ አንዳንዶች ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳሌ ነው ይላሉ። በምኒልክ ዘመን መምጣቱ ግን የታወቀ ነው። ብናኙን በአብዛኛው ንብ ስለምትወስደው እሱም ከዋናዎቹ ተጠያቂዎች አይደለም። ቅጠሉን አፍልቶ መታጠን የቆየ የቤት ልማድ ነው። የታፈነ አፍንጫን ለጊዜው የከፈተ ይመስላል፤ አለርጂውን ግን አያቆምም። የፈላ ውሃ ልጅ አጠገብ ማስቀመጥም አደጋ ነው።

እንጦጦ በመስከረም

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ የሚወጣ ሰው በአጭር ጊዜ 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የእንጦጦ ፓርክ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከተከፈተ ወዲህ የበዓል ሰሞን መዝናኛ ሆኗል። አየሩ ከፒያሳ ጭስ በኋላ ነፍስ ይዘራል። ይሁንና መስከረም ላይ ተራራው በሣር የተሸፈነ ነው። "ንጹሕ አየር ይሻለኛል" ብሎ የሄደ ታማሚ ብሶበት ሊመለስ ይችላል።

እንጦጦ አይቅር፤ ሰዓት ይመረጥ። ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ፀሐይና ነፋስ የበረታበት ደረቅ ቀን መጥፎ ነው። ሣር ላይ ከመጋደም አግዳሚ ወንበር ይሻላል። መነጽርና አፍንጫን የሚሸፍን ነጠላ ወይም ማስክ ይረዳል። ሲመለሱ ልብስ መቀየር፣ ፊትና ፀጉር መታጠብ ያስፈልጋል፤ ተራራ ላይ የተደረበ ጋቢ አልጋ ላይ መውጣት የለበትም። ቤት ውስጥ ደግሞ የቡናው እጣን የተቆጣ አፍንጫን ያባብሳል። በር አጠገብ መቀመጥ ነውር አይደለም።

መድኃኒቱ

እዚህ ላይ የሰፈር ፋርማሲስት ትልቅ ባለውለታ ነው። ከነማም ይሁን ቀይ መስቀል፣ መስኮቱ ላይ ቆሞ አምስት ደቂቃ መጠየቅ ብዙ ያድናል። ሴትሪዚንና ሎራታዲን የሚባሉት የአለርጂ እንክብሎች ማሳከክና ማስነጠስን ያስታግሳሉ። አሮጌው ክሎርፌኒራሚን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ለሾፌር አይሆንም። ለታፈነ አፍንጫ ከሁሉ የሚሻለው የስቴሮይድ ስፕሬይ፣ ማለትም አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ እብጠት ቀናሽ መድኃኒት ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሁለት ቀን ነፍቶ "አልሠራም" ብሎ ይጥለዋል። ወቅቱ ሳይደርስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ተጀምሮ በየቀኑ ነው የሚወሰደው። ጳጉሜንን ሳይጠብቁ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ መጀመር ነው።

አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች ከአምስት ቀን በላይ አይወሰዱም፤ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ያፍናሉ። አንቲባዮቲክ ለዚህ ምንም አይሠራም። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በትንሽ ጨው አፍንጫን ማጠብ ርካሽና ጠቃሚ ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ የሚታየው ከአንገት በላይ ሐኪም ነው። የቆዳ ምርመራ ከተደረገ መነሻው ሊታወቅ ይችላል፤ የአለርጂ እንክብል ግን ከምርመራው ጥቂት ቀናት በፊት መቆም አለበት። ደረቱ የሚያፏጭ ወይም ሌሊት ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አስም ሊኖርበት ስለሚችል እንጦጦ ከመውጣቱ በፊት ይመርመር። የሚነፋ መድኃኒት የታዘዘለትም ኪሱ ውስጥ ይዞት ይውጣ።