ሳንሱርን የማለፊያ መንገዶች በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሳንሱር ከሕትመት ጋር አብሮ የኖረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንባቢውና አድማጩም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ፊት ለፊት ከመላተም ይልቅ ዙሪያውን መሄድ ለምዷል። ሰምና ወርቅ ለዚህ የቆየ ትምህርት ቤት ነው። አዝማሪ ጌታውን በቅኔ ይሸነቁጣል፤ ሽልማቱንም ተቀብሎ ይወጣል።

በንጉሡ ዘመን የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ታግዶ፣ ደራሲው ወደ ጎሬ ተግዟል።

የደርግ ዘመን ብዙ የሚወራለት አለው። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ስለነበር ሥርዓቱን ከውስጥ ያውቀዋል። «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን ተፈላጊነቱ ባሰበት። ከመለቀም ያመለጠው ቅጂ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያነበበ ሰው ላላነበበው ይተርክለት ነበር። ማታ ማታ ደግሞ መስኮት ተዘግቶ፣ የሬዲዮው ድምፅ ተቀንሶ፣ ጆሮ ወደ አጭር ሞገድ ይጣላል። በ1957 ስርጭት የጀመረው የዶቼ ቬለ አማርኛ ክፍልና የአሜሪካ ድምፅ የዚያ ትውልድ የማታ ጓደኞች ነበሩ። የዛሬ አድማጭ ያንን ሽሽሽታ ቢሰማ ሬዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል።

በጥቅምት 1985 የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን ከለከለ። የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ። መግዣ ያነሰው አንባቢ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሳንቲም ተከራይቶ ያነብ ነበር። ጋዜጣ አዟሪዎች ለአገሪቱ ንባብ የዋሉት ውለታ በቅጡ አልተጻፈም።

ከምርጫ 97 በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ብዙ ጋዜጦች ተዘጉ። የሞባይል አጭር መልእክት አገልግሎትም ሁለት ዓመት ገደማ ተቋረጠ። ድረ ገጾችና ብሎጎች ታገዱ። ሰዉ የታገደውን ጽሑፍ በኢሜይል ይልካል፤ በፍላሽ ያቀባብላል። ኢሳት የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በ2002 ከውጭ ማሠራጨት ሲጀምር ሳተላይቱ በተደጋጋሚ ታፈነ። ጣቢያው ሳተላይት በቀየረ ቁጥር አዲሱ ፍሪኩዌንሲ ከአፍ ወደ አፍ ይዛመታል። ዲሽ ሠሪም ጣሪያ ላይ ይወጣል። በ2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ኢሳትንና ኦኤምኤንን (የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን) መመልከት ራሱ ተከለከለ። ያኔም ቢሆን ወሬው ቡና ላይ መድረሱ አልቀረም።

የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ስያሜም ከዚሁ መንፈስ የወጣ ነው። ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን አለው፤ ዘጠነኛው አገሪቱ ናት ማለታቸው ነበር። ሚያዝያ 2006 ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ።

በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ጎልቶ የታየው ኢንተርኔትን ጭልጥ አድርጎ መዝጋት ነው። እዚህ ላይ ብልሃትም አይሠራም፤ በትግራይ ጦርነት ዘመን ቤተሰብ የቤተሰቡን ድምፅ ሳይሰማ ከርሟል። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ገደማ ሲገደቡ ግን «ቪፒኤን ጫንልኝ» የዕለት ንግግር ሆነ፤ ቪፒኤን የታገደን ገጽ የሚያስከፍት መተግበሪያ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም መግለጫቸውን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ አላቋረጡም። ዜጋው መግለጫውን ያነበበው በቪፒኤን ነው።