የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ «ካሰ» የሚለው ግስ ፊቱን ወዴት ያዞራል?

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ነው፤ ረፋዱ ላይ። ፀሐይዋ ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ ታቃጥላለች። አንድ ባጃጅ ወደ ኋላ ሲል መንገድ ዳር የተቀመጠ ጀሪካን ገጭቶ ገለበጠ። ክዳኑ ተስፈንጥሮ ሄደ፤ የግመል ወተቱም ተደፋ። አሸዋው ጊዜ አልወሰደበትም፣ ወዲያው መጠጠው። ወጣቱ ሾፌር ዘሎ ወረደና «አፉ በይኝ እናቴ፣ አፉ በይኝ» አለ። በእኛ ከተማ አንቱታ ብዙም አይዘወተርምና ንቀት የለበትም፤ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወተት ሻጯ ግን ቃል አልተነፈሰችም። ባዶውን ጀሪካን አነሣችና ታቅፋው ቆመች።

ልጁ ዝምታዋ ሲከብደው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ዛሬ ሰደቃ አወጣለሁ፣ አላህ ይየኝ» አለ። ይህን ጊዜ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ።

«ሰደቃው ይደርሳል ልጄ። እሷ እዚህ ቆማለች። ካስካት?»

ይህች አንዲት ቃል፣ «ካስካት»፣ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋችም። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቼ «አቶን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ላስረዳ ስታገል ነበር። መዝገበ ቃላቱ «አስተሰረየ» ይለዋል። ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም።

የቃሉ አመጣጥ ደስ ይላል። ሁለት ተራ ቃላት ናቸው የተጣበቁት፤ «አት» እና «ዋን»፣ ማለትም «በአንድ»። ተጣልተው የነበሩ ሰዎች «አት ዋን ናቸው» ከተባለ አንድ ሆኑ፣ ታረቁ ማለት ነበር። «ዋን» የሚለው ቁጥር ያን ጊዜ «ኦን» ተብሎ ይነበብ ስለነበር ውሕዱ «አቶን» ሆኖ ቀረ። ያው የድሮ ንባብ «አሎን» በሚለው ቃል ውስጥም አለ፤ «ብቻ» ለማለት «ሁሉ አንድ» ያሉት ናቸው። ዊልያም ቲንዴል በ1526 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉሙ የሰውንና የእግዚአብሔርን ዕርቅ በዚህ ስም ጠራው። ግሱም በመጀመሪያ ዘመኑ «አስታረቀ» ማለት ነበር፤ ሼክስፒርም በዚህ ትርጉም ጽፎበታል። ሁለት ሰዎችን ወስዶ አንድ የሚያደርግ ግስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ፊቱን አዞረ። ዛሬ እንግሊዞች ሰውን «አቶን» አያደርጉም፤ «ለጥፋታቸው» ነው የሚያደርጉት። ግሱ «ፎር» የሚል መስተዋድድ አስከትሎ በደሉን ይጠራል እንጂ ተበዳዩን በቀጥታ አይጠራም። አንድ ሰው በበጎ ሥራ፣ በጾም ወይም ራሱን በመቅጣት ላለፈ ጥፋቱ «አቶን አደረገ» ሊባል ይችላል፤ የተበደለው ሰው አጠገቡ ባይኖርም፣ ወሬውን ባይሰማም።

ተማሪዎቼን «ካሰ» በሚለው ግስ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብያቸው ነበር። አንዷ «ጥፋቱን ካሰ» ብላ ጻፈች። ጎረቤቷ ገና አንብቦ ሳይጨርሰው «ይህ አማርኛ አይደለም» አላት። ልክ ነው፤ አይደለም። ጥፋት አይካስም፣ ሰው ነው የሚካሰው። «ካስኩት»፣ «ካሰችኝ»፣ «እክስሃለሁ» እንላለን፤ ከግሱ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ተንጠልጥሎ ይገኛል። «የባከነውን ጊዜ አካካስኩ» ስንል ነገሩን እንጠራለን፤ ለዚያ ግን ቋንቋው ሌላ እርባታ ሰጠን እንጂ ራሱን «ካሰ»ን አላዋሰንም። ለእኔ ይህ የሰዋስው ወግ ብቻ አይደለም። ሽማግሌው በአንዲት ቃል ልጁን ከሰማይ ወደ ሴትዮዋ የመለሱት ግሱ ራሱ ተበዳይን ስለሚጠራ ነው።

የቃሉ ሥር ጥንታዊ ነው። ትግርኛ እስከ ዛሬ «ካሕሳ» ይላል፤ አማርኛ የጉሮሮዋን «ሕ» ጥሎ «ካሳ» አለ። «ካ» ራብዕ ሆና የቀረችው የዚያች የጠፋች ፊደል ምልክት ናት፤ የግዕዙ «ለአከ» «ላከ» እንደሆነው ማለት ነው። ሲጻፍ «ክስ» እና «ካሳ»፣ «መክሰስ» እና «መካስ» ይቀራረባሉ፤ ሰው የሚያምታታቸውም ለዚህ ነው። የቃላቱ ሥር ግን የተለያየ ነው። ያልካሱት ሰው ይከስሳል።

ወደ ርእሳችን ልምጣ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አራት ቃላት ናቸው። በወጊውና በተወጊው መካከል ያለችው አንዲት «ተ» ብቻ ናት፤ ያችው «ተ» ነች ካሰ እና ተካሰ መካከልም የምትቆመው። አባባሉ የተቀዳው ከጦር ነው። «ወጋ» ጦር ሰበቀ፣ ሰነዘረ፣ ቀደደ ነው፤ «ውጊያ»ም ከዚሁ ይወጣል። እሾህ ይወጋል፣ በሬ ይወጋል፣ መርፌም ይወጋል። አካልን ሰቅዞ የሚይዘውን ሕመምም «ውጋት» እንለዋለን። ጦሩ ከተነቀለ በኋላ የሚቀረው ይህ ነው። ወጊው ጦሩን ይዞ ሄዷልና ሊረሳ ይችላል፤ ለዚህ ነው «ቢረሳ» የተባለለት። የተወጋው ግን ጎኑን ባዞረ ቁጥር ይታወሰዋል።

ብዙ ሰው ይህን አባባል ለማስፈራሪያ ይጠቀምበታል፤ «ቆይ፣ አልረሳህም» ለማለት። እኔ በዚህ አልስማማም። ሽማግሌዎች በዕርቅ ጉባኤ ላይ ሲናገሩት ስሰማ ያደግሁት ፊታቸውን ወደ በዳዩ አዙረው ነው። «ነገሩ አልፏል እኮ» ለሚል በዳይ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ላንተ ነው ያለፈው ማለት ነው። ለተበዳዩ ደግሞ ሌላ ተረት አለ፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት»። ሁለቱ አብረው ሲነገሩ ነው የሚያምሩት፤ አንዱ በዳዩን ካስ ይለዋል፣ ሌላው ተበዳዩን ልቀቅ ይለዋል።

ድሬዳዋ ላይ ይህ ነገር በአንድ ቋንቋ ብቻ አይነገርም። ኦሮሞው «ጉማ» ይላል፤ ቃሉ የደም በቀልንም የደም ካሳንም ይይዛል። ሶማሌው «መግ» ይላል፤ በወጉ መሠረት ለተገደለ ወንድ 100 ግመል ይቆጠራል፤ የሚከፍለውም የሚቀበለውም ጎሣ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቼ «የሰው ሐቅ»፣ ማለትም የሰው መብት፣ ይላሉ። አላህ በእርሱና በባሪያው መካከል ያለውን ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለሐቁ ራሱ «አፉ» ካላለ አይለቅም። ክርስቲያኑም ወንጌሉ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ በመጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ እንደሚል ያውቃል። ጥላ ሥር የነበሩት ሽማግሌ የትኛውን አስበው እንደተናገሩ አልጠየቅኋቸውም፤ ከየትኛውም ቢነሡ እዚያው ጀሪካን ዘንድ ይደርሱ ነበር።

ሕጋችንም «ካሳ»ን ከሽማግሌ ደጅ ተቀብሎ ወደ ችሎት አስገብቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ለኅሊና ጉዳት ሲሆን ግን በቁጥር 2116 ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀለት። ይህን ቁጥር ሳነብ ሁልጊዜ ያመኛል። የልብ ውጋት በብር አይመዘንም ማለት አንድ ነገር ነው፤ በጥቂት ብር ይዘጋ ማለት ሌላ ነው። ሽማግሌዎቻችን ለልብ ጉዳት ጣሪያ አያውቁም ነበር፤ በዳዩን ድንጋይ አሸክመው ተበዳዩ እግር ላይ እንዲወድቅ ያደርጉት ነበር እንጂ።

ስማችንም ውስጥ አለ። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ የወለደችውን «ካሳ»፣ «ካሳነሽ»፣ «ምትኩ» ትለዋለች። አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስ አራተኛም ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሳ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚነካኝ «ማስረሻ» ነው። የተወጋ አይረሳም ያለ ሕዝብ ለልጁ ማስረሻ ብሎ ስም ያወጣል።

ባጃጅ ነጂው ያን ቀን ኪሱን አራገፈ። የጠዋት ገቢው ነበር፤ ለወተቱ አልበቃም። ሽማግሌው «ቀሪውስ?» አሉት። «ነገ እዚሁ እመጣለሁ» አለ። ሴትዮዋ ብሩን ቆጥራ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ አሁንም አልተናገረችም።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ ባጃጇ እዚያው ቦታ ቆማ ነበር። ወተት ሻጯ ከኋላ ተቀምጣለች። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ በገመድ ያስራል፤ እሷም «ያኛው ላላ፣ አጥብቀው» ትለዋለች።